ያልተከፈለበት ዳክዬ

ሎውል ግሬቢ ቺሊኮቲ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቅል ሲመዝን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ሚስቱ አርሊን አሁንስ አርፎ ይቀመጣል ብላ ነበር። እሱ ግን በሦስተኛው ወር የምድር ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጎ፣ መብራት ሰቅሎ፣ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ዕቃ በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ ጀመረ። ዕቃውን ከየሰዉ ጋራዥ ይለቃቅማል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ለሰባት ቀን ጨረታ ላይ ያወጣል። ይኸው እንግዲህ አሥራ አራት ዓመቱ። ሲያዩት የሚወደው መሸጡን አይመስልም፤ የሚወደው አሸንፈው የማይከፍሉትን መቅጣት ነው።

በድረ ገጹ ደንብ፣ ያሸነፈ ሰው በአራት ቀን ውስጥ ካልከፈለ ሻጩ ሽያጩን መሰረዝ ይችላል። ሎውል ዘንድ «ይችላል» የሚባል ነገር የለም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቁርሱን ሳይቀምስ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፣ ይሰርዛል፣ ሰውየው ዳግመኛ የእሱን ዕቃ እንዳይጫረት ያግደዋል፣ ስሙንም በደብተር ይጽፋል። የታገዱትን ኮምፒዩተሩ ራሱ እንደሚይዝ አርሊን ብትነግረው፣ በዚህ ጉዳይ ኮምፒዩተር አይታመንም አላት። በደብተሩ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም ሰፍሯል፤ ሰበባቸውም በየገጹ ተለይቷል። ልጄ ነው የነካካው ያሉ አሉ፣ ድመቷ ናት ያሉ አሉ፣ ሚስቴ ሰማች ያሉ አሉ። አንድ የቴነሲ ሰው በአራቱ የክፍያ ቀን ውስጥ አያቱ ሦስት ጊዜ ሞተውበታል። ሎውል ሦስቱንም ጊዜ እግዚአብሔር ያጽናህ ካለው በኋላ ነው ያገደው።

ድረ ገጹ ገዢ ሻጭን እንዲያማ ይፈቅዳል፤ ሻጭ ግን ገዢን ማመስገን ብቻ ነው የተፈቀደለት። ስለዚህ ሎውል እያመሰገነ መስደብን ተማረ። «ቃሉን ለመርሳት እንዲህ የፈጠነ ጨዋ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» ብሎ ይጽፍለታል። የሎውል የራሱ ስም ግን ንጹሕ ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ክፉ አልጻፈበትም፤ ይህንንም ለሥጋ ሻጩም፣ ለጥርስ ሐኪሙም፣ ሊሰማው ለቆመ ሁሉ ይናገራል።

ባለፈው ኅዳር ይኸው ሎውል የአባቱን ዳክዬ ጨረታ ላይ አወጣ።

አባቱ ኦርቪል የእንጨት ዳክዬ ይጠርብ ነበር። አዳኞች ኢሊኖይ ወንዝ ላይ አንሳፍፈው እውነተኛውን ዳክዬ የሚያታልሉበት ዓይነት። ሽማግሌው ሲሞት ሎውልና ታናሽ ወንድሙ ኤሞሪ ሠላሳ ሰባቱን ዳክዬ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው በየተራ እያነሱ ተካፈሉ። ሠላሳ ሰባት ደግሞ ለሁለት አይካፈልም። መጨረሻ ላይ አንገቱ አረንጓዴ የሆነው፣ ሁለቱም ስለሚፈልጉት ለማንሣት ሲፈሩ የነበረው ቀረ። ሎውል ታላቅ እኔ ነኝ አለና ብብቱ ውስጥ ከተተው። ኤሞሪም ዳክዬውን ውሰድ፣ ስልክ ቁጥሬን ግን ርሳው ብሎት ወጣ። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ኤሞሪ ያለው ፒኪን የምትባል ጎረቤት ከተማ ነው፤ በመኪና አርባ ደቂቃ።

ሎውል ለአርሊን የሰጣት ምክንያት መደርደሪያው ጠበበኝ የሚል ነበር። ሌሎቹ ዳክዬዎች ሣጥን ውስጥ ስለነበሩ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ያ አንድ ዳክዬ ብቻ ነበር። ማስታወቂያው ላይ የአባቱን ስም በትልልቅ ፊደል ጻፈ፤ የከተማውን ስም፣ እሱና ኤሞሪ የተወለዱበትን መንገድ፣ ዳክዬው ከቤተሰቡ እጅ ሲወጣ የመጀመሪያው መሆኑን ሁሉ ጨመረበት። አርሊን መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ለኤሞሪ የተጻፈ ደብዳቤ?» አለችው።

«ገዢ ታሪክ ይወዳል።»

«ስልክህን አንሣና ደውልለት እንጂ አንተ ሰውዬ።»

«ታላቁ እኔ ነኝ። እሱ ይደውል።»

እውነቱን ለመናገር ወንድሙ ናፍቆት ነበር። ይህን አፍ አውጥቶ ከመናገር ግን ዳክዬውን መሸጥ ቀለለው። ሰባቱን ቀን በሙሉ ኤሞሪ አይቶት ይሆን እያለ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ጉልበቱ አበጠ። ለአርሊን ዋጋውን እያየሁ ነው ይላታል። ኤሞሪ አልጻፈም፣ አልደወለም።

እሑድ ከሰዓት ጨረታው ሲዘጋ ሁለት ሰዎች ተናነቁ። አንዱ ሎውል በስም የሚያውቀው የሜሪላንድ ሰብሳቢ ነው። ሌላው «ወንዝ52» የሚል ስም ይዞ የመጣ፣ ከዚህ በፊት መርፌ እንኳ ገዝቶ የማያውቅ አዲስ ሰው ነው። ወንዝ52 በስድስት መቶ አርባ ዶላር አሸነፈ። ሎውል ገና ስሙን ሲያየው ሸተተው።

በመጀመሪያው ቀን ክፍያ የለም። በሁለተኛው ቀን ከወንዝ52 አጭር መልእክት መጣ፦ «የግራ ዓይኑ ያው የካፖርቱ ነው?» ሎውል ሳቀ። ካሸነፉ በኋላ እንከን እየፈለጉ ዋጋ የሚያስቀንሱትን ያውቃቸዋል፤ በደብተሩ ውስጥ ሁለት ገጽ ይዘዋል። ዕቃው በፎቶው እንደሚታየው ነው፣ ክፍያዎን እጠብቃለሁ ብሎ መለሰ። ሦስተኛው ቀን ዝም። አራተኛው ቀን ዝም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወርዶ ሰረዘ፣ አገደ፣ አራት መቶ አሥራ ሦስት ብሎ ጻፈ። ዳክዬውን ለሁለተኛው ተጫራች፣ ለሜሪላንዱ ሰው፣ አቀረበለት። ሰውየው ከምሳ በፊት ከፈለ። «አሁንም ሰው አለ» አለ ሎውል፤ ደስ ግን አላለውም።

ከሰዓት ዳክዬውን ሲያሽጉ አርሊን ፕላስተሩን ትይዝለታለች። የሰውን ክፋት ሊያሳያት የወንዝ52ን መልእክት አነበበላት። እሷ ፕላስተሩን አስቀመጠች።

«የምን ካፖርት?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዋጋ ሊያስቀንስ…» ብሎ ጀመረና ዳክዬውን አንሥቶ የግራ ዓይኑን አየው።

የዳክዬው የግራ ዓይን ልጆች ሳሉ ጠፍቶ፣ እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከምትለብሰው ካፖርት ቁልፍ ቆርጣ ለጥፋበት ነበር። ፎቶው ላይ ጥቁር ቁልፍ ብቻ ነው የሚታየው። ካፖርት የሚል ቃል ማስታወቂያው ውስጥ የለም። ይህን በሕይወት ካሉት ሰዎች የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ካርቶኑ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጧል።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው አርሊን፤ «ወንድምህን አገድከው።»

በሎውል ሕግ ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃውን የማይልክ ሻጭ፣ ከማይከፍል ገዢ የከፋ ወራዳ ነው። ለሜሪላንዱ ሰው ገንዘቡን መለሰለትና እውነቱን ጻፈለት፤ ዳክዬው የወንድሜ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለው። ሰውየው ከዚህ በፊት የከዳኝ ሻጭ ዕቃው የአጎቴ ነው የሚል ነበር፣ አሁን ደግሞ ወንድም መጣ ብሎ መለሰለት። በሎውል ስም ላይም የመጀመሪያውን ክፉ ቃል ጻፈበት፦ «ሰበበኛ።» ሎውል ሁለት ጊዜ አነበበው። እሱ ራሱ ቢሆን ሌላ ቃል አይመርጥም ነበር።

ዳክዬውን በብብቱ ይዞ ወደ ፒኪን ነዳ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያሰላስል ሄደ። ኤሞሪ በከዘራ ተደግፎ በሩን ሲከፍት፣ ጸጉሩም ሳስቶ ሲያየው፣ ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። ከአፉ የወጣው የለመደው ነው።

«አሸንፈህ አልከፈልክም።»

«አልከፈልኩም» አለ ኤሞሪ። «የአባቴን ዳክዬ ከአንተ ልገዛ? ጤናም የለህ።»

«ታዲያ ለምን ተጫረትክ?»

ኤሞሪ ዳክዬውን አየው፣ ከዚያ ወንድሙን አየው።

«ገዢ ካልከፈለ ሻጩ የገዢውን ስልክ ቁጥር ከድረ ገጹ መውሰድ ይችላል ይላል ደንቡ። አንብቤዋለሁ። ደውለህ ትሰድበኛለህ ብዬ አራት ቀን ከስልኩ አጠገብ አልተነሣሁም።» በሩን ለቀቀለትና ወደ ውስጥ ዞረ። «በል ግባ፤ ብርዱን አታስገባብኝ።»

ሎውል ደፉ ላይ እንደቆመ ቀረ። ደንቡን ያውቀዋል። የገዢውን ስልክ የሚያሳየው ቁልፍ ከመሰረዣው አጠገብ ነው ያለው። በአሥራ አራት ዓመት፣ ለአራት መቶ አሥራ ሦስት ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ነክቶት አያውቅም። የሰው ድምፅ ከሰማ መቅጣት እንደሚያቅተው ያውቅ ነበር።