የከሳሼ ሐሞት

ከዩኒቨርሲቲው በር በባጃጅ ነው የወሰዱኝ። አንዱ ፖሊስ ከአጠገቤ፣ ሌላው ከሾፌሩ ጎን። «ለጥያቄ ነው፤ ትመለሻለሽ» አሉኝ። ቦንጋ ላይ ዝናብ እየጣለ ነበር። የሴቶቹ ክፍል እርጥብ ጆንያና ሽንት ይሸታል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየሁት በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ተጠቅልላ የተኛች ሴት ነው።

አወቅኋት። በስብሰባ ላይ አንድ የታሰረ ተማሪያችን የት እንዳለ ስጠይቅ፣ ከመድረኩ ተነስታ «ይህች መምህርት ሕዝብ እያነሳሳች ነው፤ ትመርመር» ያለችው ባለሥልጣን ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከአለቆቿ ተጣልታ ኖሮ፣ እኔን ቀድማ ገብታለች።

ደስ አለኝ።

የዓይኗ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ክንዷን እስኪደማ ታካለች። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ የሆነች ድምፀ ወፍራም ሴት፣ «የወፍ በሽታ ነው፤ ይጋባል፣ እንዳትጠጊያት» አለችኝ። ለጠባቂውም እንዲሁ ስለነገረችው ሐኪም ቤት የሚወስዳት ጠፍቷል።

በማግስቱ ጠዋት የቀመሰችውን ሁሉ ስታስመልስ ዝም ማለት አቃተኝ። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁትም የሐሞት ከረጢት ካንሰርን ነበር።

«ሕመሙ በቀኝ በኩል፣ ከጎድንዎ ሥር ነው?»

«ምን አገባሽ?»

«ሐሞት ከረጢትዎ ውስጥ ጠጠር አለ ተብለው ያውቃሉ?»

«ድሮ። በኦፕሬሽን ይውጣ አሉኝ፤ ሥራ በዛብኝ» አለች።

«ሐኪም አይደለሁም» አልኩ፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ግን የሐሞቱ ቧንቧ የተዘጋ ይመስለኛል። እሱ ከሆነ ወደ ሰው አይጋባም።»

«ካንሰር ነው የምትይኝ? አትሸፋፍኚ።»

«ሊሆን ይችላል። ህዋሶቻችን ገጻቸው ላይ እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ነገር አለ። እሱን የሚያሠራ ዘረመል አለ። ጠጠሩ ከረጢቱን ለዓመታት ሲያቆስለው፣ አንዳንዴ ያ ዘረመል ዝም ይላል። ያን ጊዜ ህዋሱ ጎረቤቱን ይለቅና እንደልቡ ይባዛል፤ ወደ ጉበትም ይሄዳል።»

በቢጫ ዓይኗ አፈጠጠችብኝ። «እኔ የማውቀው የፓርቲ ህዋስ ነው። እዚህም ፖለቲካ ትሰብኪያለሽ?»

«ስለ ሐሞትዎ ነው የማወራው።»

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው ከፈተ።

«ሐኪም ቤት ትወሰድ። የሚጋባ በሽታ አይደለም።»

«ሐኪም ነሽ?»

«መምህር ነኝ።»

«እንግዲያው ቁጭ በይና አስተምሪ» ብሎ ላዬ ላይ ዘጋው። እንደገና ደበደብኩ። ካቦዋ መጥታ እጄን ትይዘኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ በጫማዋ አብራኝ መደብደብ ጀመረች። አዝና ይሁን ሽታው ሰልችቷት፣ ዛሬም አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ መኪና መጣ። ጠባቂው ሊነካት ስላልፈለገ ከደጅ ቆሞ «ጎትተሽ አውጫት» አለኝ።

«ማንም አይጎትተኝም» አለች። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ወደ ጎን ስታዘነብል ክንዷን ያዝኩ።

«ነጠላዬን አስተካክይልኝ። ሬሳ መስዬ አልወጣም።»

አስተካከልኩላት። ፀጉሯንም በጣቶቼ ወደ ኋላ ሰበሰብኩት። ጠባቂው «ፍጠኑ!» ይላል። አልፈጠንንም።

በሩ ላይ ዞረች። «ያን ቀን ያልኩትን ግን አልመልስም።»

«ይመልሱ ያልዎት የለም።»

ክንዷን ከእጄ አላቀቀች፤ ጭቃውን እየረገጠች ብቻዋን እስከ መኪናው ሄደች።

እኔ ያለ ክስ ተፈታሁ። ወራት ቆይቶ ዋጫ አካባቢ፣ በሕመሟ ተለቃ ቤተሰቦቿ ዘንድ መሞቷን ሰማሁ። ካንሰር ነበር፤ ጉበቷ ጋ ደርሶ ነበር አሉ። ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ዘመዷ «ምኗ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዳጇ ነኝ ብል ውሸት ነው። «አብረን ታስረን ነበር» አልኳት። ጠጋ ብላ መቀመጫ ሰጠችኝ።

ይቅር ያልኳት አይመስለኝም። ሰዎች ስለ እስሬ ሲጠይቁኝ ማን እንዳሳሰረኝ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ሳይጠይቁኝ፣ እንዴት ቆማ እንደወጣች እነግራቸዋለሁ።