ለባህታዊው በቁሙ ያለቀስኩለት ቀን

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሳቄና እፍረቴ አብረው ይመጣሉ።

ሌናርትን ያወቅኩት በሰባዎቹ፣ ፈረንጅ አገር፣ ኡፕሳላ የሚባል ከተማ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ ከተማው የጉዶች መናኸሪያ ነበር። አንዱ ዶሮውን በብስክሌት ቅርጫት ይዞ ዩኒቨርሲቲ ይመጣል። አንዷ ሴትዮ ጦርነት ይቁም ብላ በየቅዳሜው አደባባይ ላይ ሹራብ ትሠራለች። ሌናርት ደግሞ ፀጉሩን እስከ ወገቡ አሳድጎ በረዶ ላይ በባዶ እግሩ ይሄዳል። እኛ ሐበሾቹ "ባህታዊው" እንለው ነበር።

የአባቴ መርዶ ሲመጣ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ መሬት ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ባህላችንን ማን እንደነገረው እንጃ። ምስር ቀቅሎ ያበላኛል።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፋርስታ ሴንትሩም የሚባል የገበያ አዳራሽ ውስጥ ተገናኘን። ሸብቷል፣ ጫማም አድርጓል። እዚያው ሰፈር ብቻውን እንደሚኖር ነግሮኝ አድራሻውን ጻፈልኝ። "ነይ እንጂ" አለኝ። "እመጣለሁ" አልኩት። የት ልመጣ! ቀን ሆስፒታል፣ ማታ የአረጋውያን ቤት እየሠራሁ፣ ቮርቢ ጎርድ ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ ጫማዬን ማውለቂያ አቅም እንኳ የለኝም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን በሰፈሩ ሳልፍ እሱ የሚኖርበት ሕንፃ ግቢ ባንዲራ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። እዚህ አገር ከሕንፃው ሰው ሲሞት እንዲህ ያደርጋሉ። ከበሩ የምትወጣ ሴት ጠየቅኩ። "ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው" አለችኝ። ስም እንኳ ሳልጠይቅ፣ ሌናርት ነው ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

መቼም ለቅሶ ብድር ነው። ጓደኛዬን አስካለን ይዤ፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በማግስቱ ሄድን። ልጅ ወይ ዘመድ አይጠፋም ብለናል። ቀድሞ መደወል ለሁለታችንም አልታየንም፤ ለቅሶ ቤት ማን ደውሎ ይሄዳል? ደረጃው ላይ "ወንድሜን! ሳልደርስልህ!" እያልኩ ለቀቅኩት። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ያየናል።

የሌናርት በር ተከፈተ። ራሱ ነው፣ በባዶ እግሩ።

"በስመአብ!" ብላ አስካለ ግድግዳውን ያዘች። የሞቱት ለካ የላይኛው ፎቅ ሽማግሌ ኖረዋል።

እየተንተባተብኩ ሳስረዳው አልሳቀም። "እንድትመጪ መሞት ነበረብኝ?" አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ጉሮሯችን ደርቆ ቀረ እኮ፣ ውኃ እንኳ አያጠጣንም?" አለችኝ አስካለ በአማርኛ። አስገባንና ምስር ቀቀለልን።

ስወጣ በየወሩ እመጣለሁ ብዬ ማልኩለት። ሦስቴ ብቻ ሄድኩ። ድካሙ ያው ነው።

የእውነቱ ሞት ሲመጣ ቀብሩ ላይ አራት ሰዎች ነበርን። እኔም እንባ እንቢ አለኝ። ያልሄድኩባቸው ወራት አሁንም ይቆጩኛል። የምጽናናው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደረጃው ላይ ያለቀስኩለትን በገዛ ጆሮው ሰምቶታል።