በሩፋኤል ዝናብ ላይ የጻፍኩት ዜሮ

እኔ ፈሪ ነኝ። ኋላ ሰው ከሚለኝ እኔው ቀድሜ ልበለው። ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ የፖሊስ መኪና እፈራለሁ፣ ከመንግሥት የመጣ ፖስታ መክፈት እፈራለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ዳላስ ስገባ ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ የመከሩኝ ብዙዎች ነበሩ፤ ስለ ሰማዩ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለልኝም። በመጀመሪያው ሚያዝያ ብርቱካን የሚያህል በረዶ ወርዶ የመኪናዬን የፊት መስታወት አደቀቀው። የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን የጮኸ ቀን ደግሞ የልብስ ክሎዜት ውስጥ ገብቼ፣ ካፖርት ተከናንቤ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ከመሃል ከመሃል እየጀመርኩ ስለፈልፍ ቆየሁ።

ዝናብ መለካት የጀመርኩት ከዚሁ ፍርሃት የተነሳ ነው። የምኖረው ሳክሲ፣ ዳላስ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ እዚያ ቤታችን አጠገብ ባለው ቤተ መጻሕፍት፣ በየጓሯቸው ዝናብ የሚለኩ በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈለጉ የሚናገር ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የምፈራውን ነገር ቁጥር ብሰጠው ይቀልልኛል ብዬ ተመዘገብኩ። መለኪያው ከአጥር እንጨት ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ውስጡ የኢንች መቶኛ የተሰመረበት፣ ሲሞላ አንድ ኢንች የሚሆን ቀጭን ቱቦ አለ፤ ትርፉ ወደ ውጪው ዕቃ ይፈሳል። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አነበዋለሁ፣ ቁጥሩን በስልኬ እልካለሁ፣ እደፋዋለሁ። ቁጥሩ ወዲያው ለዓለም ክፍት በሆነ ካርታ ላይ ይወጣል። ገበሬ ያየዋል፣ የጎርፍ መሐንዲስ ያየዋል፣ የአየር ጠባይ ቢሮ ይወስደዋል፣ ተማሪ ይመራመርበታል። ስሜ የለበትም፤ ያለው የጣቢያ ቁጥር ብቻ ነው። የሚያስተባብረን የዩኒቨርሲቲ ሰው ሁልጊዜ የሚነግረን አንድ ነገር ነበር፤ ዝናብ ባልጣለበት ቀንም ዜሮ ጻፉ፣ ዜሮም መረጃ ነው ይለናል።

ደስ ይለኝ ነበር። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ወረቀት ሳይጠይቁ ያመኑኝ እነዚህ ሰዎች ብቻ ናቸው። ለሐበሻ ጓደኞቼ ግን አልተናገርኩም። ዌርሃውስ ዕቃ ስትሸከም መዋሏ አልበቃ ብሏት ዝናብ ትለካለች ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ።

በዚያ ክረምት እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አብራኝ ነበረች። የዜግነት ማመልከቻዬ ገብቶ የኢንተርቪው ቀን እየተጠበቀ ነው። ዜጋ ከሆንኩ እናቴን ማስቀረት እችላለሁ፤ ካልሆንኩ ቪዛዋ ሲያልቅ ትመለሳለች። በቤታችን ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የምናወራ ሲመስለን እንኳ የምናወራው ስለዚህ ነበር።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ፋርመርስ ብራንች በሚባል ሌላ ከተማ የምሠራበት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ነውና፣ መስኮት የለውም። ስወጣ ፓርኪንጉ ደረቅ ነው፤ አምሽቼ ሳክሲ ስደርስም መንገዱ ደረቅ ነው። በማግስቱ ጠዋት ቱቦውን ሳነሳው ጠብታ የለበትም። ዜሮ ብዬ ላክሁና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከአዲስ ዓመት ማግስት ጎረቤቴ እናቴን እንኳን አደረሰዎት ልትል መጣች። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የምትኖር፣ ከደሴ የመጣች፣ የትምህርት ቤት ባስ የምትነዳ ሴት ናት። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። እናቴ መኝታ ቤት ዳዊቷን እየደገመች ስለነበር ሳሎን ሶፋው ላይ ሁለታችን ተቀመጥን።

“ምን ሆነሽ ነው?” አልኳት።

“አልሰማሽም እንዴ? ባሱ ተንሸራተተብኝ እኮ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ። ልጆቹን ድሮፕ አድርጌ ባዶውን ስመለስ፣ እዚሁ ከኋላችን ያለው ትንሽ ወንዝ፣ ክሪኩ ጋ ስደርስ ዶፍ ወረደ። ውኃው መንገዱን አቋርጦ ይሄዳል። ብሬክ ስይዝ ጭራሽ እምቢ አለኝ፤ ሄዶ የመንገዱ ዳር ብረት ላይ ተለጠፈ።”

“እግዜር አወጣሽ።”

“አልሃምዱሊላህ፣ ልጅ አልነበረበትም። ግን አላመኑኝም። ኢንስፔክተሩ ከሰዓት ሲመጣ መንገዱ ደርቋል። ሶ፣ ዝናብ አልነበረም፣ በፍጥነት ስትነጂ ነው አለኝ። የባሱ ካሜራ የሚያየው ወደ ውስጥ፣ ልጆቹን ነው። ራዳሩም ደመና ያሳያል እንጂ መሬት የወረደውን በትክክል አይናገርም አሉኝ። ከዚያ ይሄን አወጣብኝ።”

ስልኳን ሰጠችኝ። ካርታችን ነው። በሰፈራችን ላይ አንዲት ነጥብ አለች፤ ከነጥቧ አጠገብ ዜሮ። ነካ ሳደርጋት የጣቢያ ቁጥሯ ወጣ። የእኔ ነው።

“ይሄ ሰውዬ ማን እንደሆነ ባውቅ” አለች፣ “ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ አንተ ሰው፣ መስኮት የለህም ወይ ነበር የምለው።”

ጉዳይዋ የሚሰማበት ሂሪንግ ከአሥር ቀን በኋላ እንደሆነ፣ ከፈረዱባት የልጆች ባስ ዳግመኛ እንደማትነዳ ነገረችኝ። ስድስት ዓመት ስትነዳ አንድ ልጅ ተቧጭሮባት አያውቅም። ይህን እያለች አለቀሰች። እኔ ሻይ ላምጣልሽ ብዬ ወደ ኩሽና ሸሸሁ። እውነቱን ልናገር፣ ኩሽና ቆሜ የጠረጠርኩት እሷን ነው። ሰው ሲጨንቀው ይዋሻል፣ ቱቦው ግን ምን አስዋሸው አልኩ።

ስትወጣ እናቴ ብቅ አለች። “ምን ሆና ነው ልጅቷ የምታለቅሰው?” አለችኝ። ነገርኳት፤ ጓሮ ስላለው መለኪያም፣ ስለ ካርታውም። እናቴ ወደ ክፍሏ ተመልሳ፣ ከአልጋዋ ራስጌ የግማሽ ሊትር ውኃ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል።

“እንዳትቆጪኝ” አለች። “በነጎድጓድ እንዳትወጪ ስላልሽኝ ነው የደበቅሁሽ። የሩፋኤልን ዝናብ ሳልታጠብበት ያለፈኝ ዓመት የለም። አንቺ እንደወጣሽ ወረደልኝ፤ ጓሮ ወጥቼ ቆምኩበት። ሲያባራ ከዚያ ከፕላስቲኩ ቀዳሁ። ጣራ ያልነካው፣ መሬት ያልነካው፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጸበል ከወዴት ይገኛል? በየበሩና በአልጋሽ ላይ ረጭቼ የተረፈው ነው።”

“ቱቦው ደረቅ ነበር እኮ፣ እማዬ!”

“በነጠላዬ ወልውዬ መለስኩልሽ። ዕቃሽን አቆሽሼ ልተው?”

ተቀብያት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ውኃውን ቱቦው ውስጥ ሳንቆረቁረው ሁለቴ ሞላ፣ ጥቂትም ተረፈ። ሁለት ኢንች አለፍ ብሏል፤ እሷ በየበሩና በአልጋዬ ላይ የረጨችው ሳይቆጠር። በዚያች ጠዋት ሰፈራችን ላይ ዶፍ ወርዷል፣ እኔም አልወረደም ብዬ ለዓለም ተናግሬያለሁ። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔውኑ ተነስቼ ሦስት ቤት አልፌ በሩን ማንኳኳት ነበረብኝ። አላንኳኳሁም። የኢንተርቪው ደብዳቤዬ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የሞላሁት ፎርም ላይ ለአሜሪካ መንግሥት ሐሰተኛ መረጃ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ እንዳለ ትዝ አለኝ። የአየር ጠባይ ቢሮ የእኛን ቁጥር ይወስዳል፣ የአየር ጠባይ ቢሮ መንግሥት ነው፣ ስለዚህ እኔ ለመንግሥት ዋሽቻለሁ። ዛሬ ስጽፈው ያስቃል። ያን ጊዜ ግን በሰንሰለት ታስሬ አውሮፕላን ላይ ስሳፈር፣ እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ከኋላዬ ስትከተል ይታየኝ ነበር። ቁጥሩን በስውር ልለውጠው ብዬ ገጹን ከፈትኩ፤ እያንዳንዱ እርማት ከነሰዓቱ ለሁሉም እንደሚታይ ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ክፍት የተባለ ነገር ይህን ያህል ክፍት መሆኑን አላሰብኩበትም ነበር።

እነዚያን ዘጠኝ ቀናት እንደ ሌባ ነው የኖርኩት። መኪናዬን ጋራዥ ሳስገባ በሩ እስኪዘጋ ከውስጥ አልወርድም። የጎረቤቴን ድምፅ ከደጅ ስሰማ መብራት አጠፋለሁ። ጠዋት ጠዋት ቱቦውን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ያም ሆኖ ቁጥሩን ከመላኬ በፊት ተመልሼ አየዋለሁ።

“ነገርሻት?” ትለኛለች እናቴ።

“ኢንተርቪው ይለፍ፣ እማዬ።”

“እኔ ልንገራት?”

“አንድ ቃል ብትተነፍሺ ሁለታችንንም ነው የሚያባርሩን!”

ጮኼባታለሁ። በሦስተኛው ቀን መጠየቋን አቆመች። ራት ስታቀርብልኝ ዓይኔን አታየኝም ነበር።

ኢንተርቪው ያደረገችልኝ ሴት ለስላሳ ድምፅ ነበራት። ጥያቄዎቹን ስታነብ ስታነብ ሐሰተኛ መረጃ የምትለዋ ላይ ደረሰች። “ኖ” አልኳት። ምልክት አደረገችና ወደ ቀጣዩ አለፈች። በመጨረሻ እጇን ዘርግታ አልፈሻል አለችኝ፤ የሚቀረው ቃለ መሐላው ብቻ ነው። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ እንደ እሳት በሚፋጅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኤሲ እንኳ አላስነሳሁም። የጎረቤቴ ሂሪንግ በማግስቱ ጠዋት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ያስመለሰኝ ያኔ ነው።

ስልኬን አውጥቼ የማረሚያውን ገጽ ከፈትኩ። ምን እንደተሳሳተ ይጠይቃል። እናቴ ዝናቡን ለጸበል ብላ እንደቀዳችው፣ ቱቦውን ወልውላ እንደመለሰችው፣ የተረፈው ሲለካ ሁለት ኢንች እንዳለፈ ጻፍኩ። ቀጥሎ ስህተቱን መቼ እንዳወቅሁ ይጠይቃል። ዛሬ ብል ማንም አያውቅብኝም። ዛሬ ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ከዚያ ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ብዬ ሞላሁት። ለምን እውነቱን እንደጻፍኩ አሁንም በደንብ አላውቀውም፤ ሌላ ውሸት የምሸከምበት ጉልበት አልቆብኝ ይሆናል። መሐላውን ያስቀሩብኛል እያልኩ ላክሁት፣ ለዩኒቨርሲቲው ሰውም ፎቶዎቹን ጨምሬ ጻፍኩለት።

መልሱ ሰዓት አልፈጀበትም። አመሰገነኝ! የአንዱን መለኪያ ውሻው እንደጠጣበት፣ የሌላዋን ልጆቿ ሎሚ ጭማቂ እንደሞሉባት ነገረኝ። ሁለት ኢንች ብሎ መመዝገብ ግን አይችልም፣ ምን ያህል እንደተረጨ አናውቅምና። ዜሮውን ሰርዞ በምትኩ “አይታወቅም፤ ቢያንስ ሁለት ኢንች” ብሎ አስገባ። ዜሮ ማለትና አላውቅም ማለት አንድ አይደለም፣ ከዚህ በኋላ እንደማትረሺው ተስፋ አደርጋለሁ አለኝ። ዘጠኝ ቀን ያንዘፈዘፈኝ መንግሥት ይኸው ነበር።

ለጎረቤቴ ሊንኩን በቴክስት ላክሁላት። ‘ለሂሪንግሽ ይሆንሻል’ ከሚል በቀር አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። በሩን ማንኳኳት አሁንም አልቻልኩም።

በማግስቱ ማታ መጣች። አልፋለች፤ ከሰኞ ጀምሮ ባሷን ትይዛለች። ቀጥ ብላ ወደ እናቴ ሄዳ ጉልበቷን ሳመች። “እርስዎ ባይቀዱልኝ ማን ያምነኝ ነበር” አለቻት። እርማቱ ላይ እናቴ ለጸበል ቀዳችው የሚለውን አንብባለች፤ ሳክሲ ውስጥ ዝናብ ለጸበል የሚቀዳ ሌላ ሰው እንደሌለ ለማወቅ ብዙም አላሰበችም። እናቴ መረቀቻት። እኔ ከሶፋው ጫፍ ቆሜ ይቅር የምትለኝን ሰዓት እጠብቃለሁ።

ስልኳን አውጥታ ስህተቱ የታወቀበትን ቀን አነበበች። “ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት። እዚህ ተቀምጬ ያለቀስኩበት ቀን አይደለም?”

“ነው። አንቺ ከወጣሽ በኋላ ነው የነገረችኝ።”

“ዘጠኝ ቀን።”

“ፈርቼ ነው” አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ፎርሙን፣ ጥያቄውን፣ የእናቴን ቪዛ።

“ገባኝ” አለች። “እኔ ልንገርሽ? መጀመሪያ ላይ ዘንቧል፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ስከራከር ነበር። ከዚያ በየቀኑ ያቺን ካርታ እከፍታለሁ፣ ዜሮ ትለኛለች። በስድስተኛው ቀን እኔም አመንኳት። አልዘነበም፣ ጭንቅላቴ ነው የታመመው አልኩ። ለባሌ፣ የራሳችንን ልጆች ራሱ ከዛሬ ጀምሮ አንተ አድርሳቸው፣ እኔ ከእንግዲህ ለሰው ልጅ አልታመንም አልኩት።”

እናቴን ደህና ይደሩ ብላ ጫማዋን አደረገች። በሩን ከፍቼላት ይዤው ቆምኩ። አላየችኝም።