የሴት ፊት ያለው የራስ ቁር

ትናንት ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ብየዳ ቤት በኩል ሳልፍ የተቆረጠ ቆርቆሮ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ይህ ሽታ ዛሬም ያቁነጠንጠኛል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የታሪክ መምህራችን ፊትን እንደ ጭንብል የሚሸፍነውን የጥንት የሮማ ፈረሰኞች የራስ ቁር በስልኩ አሳየን። አንዱ ፀጉሩ የተጠቀለለ ጎረምሳ ይመስላል፤ አንዱ ግንባሩ ላይ ባለ ማጠፊያ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ሌላው ቁርጥ የሴት ፊት ነው።

“ለትርዒት ሲጋልቡ ነው የሚያጠልቁት” አለን።

“የሴቷንም ወንዶች ናቸው የሚለብሱት?” ብላ ጓደኛዬ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ያንን ትርዒት ለወላጆች በዓል ልናሳይ ተነሳን። ጭንብሎቹን ከዘይት ቆርቆሮ አሠራን፤ ፈረሶቹን ከጋሪ ነጂዎች ለመንን። አንዱ ጋሪ ነጂ የጓደኛዬ አባት ነበር። ፈረሱን ፈቀደ፤ እሷን ግን “ሴት ልጅ ፈረስ ላይ ምን ትሠራለች? ብትወድቂ ምን ይውጠኛል?” ብሎ ከለከላት። ውሃ ልታጠጣው ስትወስደው ተደብቃ እንደምትጋልበው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የበዓሉ ቀን የአባቷ ፈረስ ሊጋልበው የተመረጠውን ልጅ አላስጠጋ አለ። ልጁ ፈርቶ ባለ ሴት ፊቱን ጭንብል ጥሎ ሄደ። ጓደኛዬ አነሳችውና “እሰሪልኝ” አለችኝ። ማሰሪያውን ከኋላዋ ቋጠርኩላት።

ሜዳው ላይ ስትወጣ ቆርቆሮው በፀሐይ ተንቦገቦገ። ኮቴው ይደልቃል፤ አቧራው ይጨሳል። እኔ አንዴ እሷን፣ አንዴ አባቷን እያየሁ ጥፍሬን እበላለሁ። ድንገት አባቷ ብድግ አለ። አወቃት ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ለካስ እያጨበጨበ ነው።

“ይሄ ልጅ ፈረስ ያውቃል! የማነው?”

ግልቢያው ሲያበቃ ልጓሙን ሊይዝ ሄደ። ቆርቆሮው ቆርጧት ኖሮ በአገጯ ደም ይወርዳል። “ተጎዳህ እንዴ?” ብሎ ጭንብሉን ገለጠው።

“አንቺ…” አለና ደሟን በእጅጌው ጠረገላት። ውረጂ አላላትም። ልጓሙን ይዞ፣ እሷ ፈረሱ ላይ እንዳለች፣ በዋናው መንገድ እየመራ ወደ ቤት ወሰዳት።

ትምህርት ስንጨርስ ዓረብ አገር ሄደች። ድምጿ ከጠፋ ሰነበተ።

አባቷ ዛሬም ጋሪ ይነዳል። ሲያየኝ ያቆማል። “ደወለችልሽ?”

“ገና ነው አባባ።”

ጎኑ ያለውን ቦታ በእጁ ይጠርግና “ነይ ውጪ፣ ላድርስሽ” ይለኛል። መንገዴ በሌላ በኩል ቢሆንም እወጣለሁ።