በዓሣ ላይ ያቆምነው ኬላ

ወንዝ ለመርዳት ልዩ ዕውቀት አያስፈልግም፣ ቅን ልብ ይበቃል ይባላል። አይበቃም። አሥራ አንድ ቅን ልብ ያለን ሰዎች በአንድ ቅዳሜ ብቻ በቶሮንቶዋ ስካርቦሮ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ ያደረስነውን ጥፋት፣ ክፉ ሰዎች ዓመት ቢሰጣቸው አይጨርሱትም። ክፉ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ቅን ሰው ግን ጓንቱን አጥልቆ፣ ምሳውን ቋጥሮ፣ ሥራውን ሳይጨርስ ንቅንቅ አይልም።

ነገሩ የጀመረው የአፓርታማችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ከሕንፃችን ጀርባ ወደምትወርደው ወንዝ እየተመለሰ ነውና ኑ እንርዳው ይላል፣ በአምስት ቋንቋ። አማርኛው «ዓሣዎቹ እርስዎን ይፈልጋሉ» የሚል ስለነበር አንዲት ጎረቤቴ ለብዙ ቀን በወንዙ በኩል ማለፍ ተወች። እኔ ስለ ሳልሞን አንድ ሁለት መጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ እንደ ልማዴም ማንበቡን እንደ መሥራት ቆጥሬ ተቀምጬ ነበር። እላያችን ላይ የሚኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ወረቀቱን ስመለከት አየኝ።

«አንቺ ምሁር» አለኝ፣ «ስለ ዓሣ ታነቢያለሽ እንጂ እግርሽን ውሃ ውስጥ እንደማትከቺ አውቃለሁ።»

ለዚህ ብቻ ስል ተመዘገብኩ። ከእኛ ሕንፃና ከጎረቤቱ ሕንፃ አሥራ አንድ ሐበሾች ተገኘን፣ እኔም በዚያው አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ።

ሥልጠናው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ጓንት እንዴት እንደሚጠለቅ ተማርን። ጎንበስ ሲባል ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ ተማርን፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጎንበስ ብለው የሌላ ሰው ወለል ሲወለውሉ የኖሩ ሴቶች ጎንበስ ማለትን ተማሩ። ራኩን የሚባለው የከተማ አውሬ ቢያፈጥጥብን መልሰን ማፍጠጥ እንደሌለብን ተማርን። ፎቷችን እንዲወጣ ፈቅደን ፈረምን። ከዚያ ክብ ሠርተን እንድንቆም ተደረገና የበጎ ፈቃድ ሥራው አስተባባሪ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ወንዝ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚፈጥርብን አንድ በአንድ ጠየቀችን።

ተራው ሽማግሌው ጋ ደረሰ። ሽማግሌው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው ወሎ ውስጥ የአፈር ጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፤ ስንት ተራራ በእርከን አልብሰዋል። በሱዳን በኩል እዚህ ከገቡ ወዲህ ግን ስለ አፈር አንድ ሰው እንኳ ጠይቋቸው አያውቅም። ቶሮንቶ አፈሯን በአስፋልት ሸፍና ስለተቀመጠች ጥያቄው ለማንም አልመጣለትም።

«ዳርቻው እየተሸረሸረ ነው በያት» አሉኝ።

ተረጎምኩላቸው። አስተባባሪዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እንዴት ያምራል» አለች። «ሁላችንም ውስጥ የሚሸረሸር ዳርቻ አለ።»

«ምን አለች?»

«ወዳዋለች፣ ጋሼ።»

«ምኑን ነው የምትወደው? ሊናድ ነው እኮ ያልኳት!»

ለዓሣው የተረፈው አምስት ደቂቃ ነበር። ቪዲዮ ልታሳየን ሞከረች፣ ኢንተርኔቱ እምቢ አለ። «በቃ ሲመጡ ስታዩዋቸው ይገባችኋል» ብላ ላፕቶፗን ዘጋች። ዓሣው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የተነገረ ነገር የለም። የሰማነው፣ እንቁላሉን ጠጠር ውስጥ እንደሚጥልና ከዳርቻው የሚታጠበው ጭቃ ጠጠሩን ሲሸፍነው እንቁላሉ እንደሚታፈን ብቻ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭቃ ማስቆም ነው ማለት ነው። እሱን ያውቁበታል።

አስተባባሪዋ ሽማግሌውን ከልቧ ወደደቻቸው። ምናልባት ነጭ ሪዛቸው ይሆናል፤ «የወንዙ አባት» የሚል ስም አወጣችላቸው። ዓሣው በመስከረም መጨረሻ ሲመጣ የትምህርት ቤት ልጆች ሊያዩ ስለሚመጡ፣ ያን ቀን ወንዙ ዳር ቆመው ስለ ውሃና ስለ አፈር አሥር ደቂቃ እንዲነግሯቸው ጠየቀቻቸው። እኔ እንድተረጉም ነበር ሐሳቧ።

«አስተርጓሚ አያስፈልገኝም» አሉ። ደብተር ገዙ። ያን ሰመር በሙሉ ሊፍት ውስጥ ሳገኛቸው በሩን እያዩ ይለማመዱ ነበር። «ዋተር ኢዝ ኤ ቲፍ» ይላሉ፣ ውሃ ሌባ ነው፣ አፈር ይሰርቃል ለማለት። አብረውን የሚወርዱት ሰዎች ቦርሳቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። እኔም ቤቴ ገብቼ እስቅ ነበር። ግን ሳቁ እያለም ገብቶኝ ነበር፦ እኚህ ሰው እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁትን ነገር ተጠይቀዋል። ከዚያች አሥር ደቂቃ ሌላ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም።

የሥራው ቀን በነሐሴ ነበር። ወንዟ ቁርጭምጭሚት አትደርስም፤ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሹለከለከች ትወርዳለች። የተሰጠን ሥራ የአኻያ ቅርንጫፍ ዳርቻው ላይ መትከል ነው። አስተባባሪዋ ቅርንጫፉን አስረከበችን፣ ውሃ ጠጡ አለችን፣ ወደ ሌላ ቡድን ሄደች።

ሽማግሌው ወንዟን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። «ይሄማ ጎርፍ የቦረቦረው ቦረቦር ነው» አሉ።

«የጠሩን ችግኝ ለመትከል ነው፣ ጋሼ» አለ ሹፌሩ።

«የጎርፉ ጉልበት ሳይሰበር ችግኝ ትተክላለህ? ዝናብ ሲመጣ አብሮህ ሊሄድ? መጀመሪያ ክትር ነው የሚሠራው።»

ክትር ቦረቦርን በአግድም የሚዘጋ የድንጋይ ግድብ ነው። ውሃው ሲቆም ጭቃው ይቀራል፤ ወሎ ላይ ስንት እርሻ ያዳነ ሥራ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለሆነ ሥራ አምጥቶ የተወው የድንጋይ ክምር ደግሞ እዚያው ዳር ላይ ቆሟል፣ እንደ ተጠራ።

የዚያን ቀን ሽማግሌውን ብታዩአቸው። መሠረቱን አስቆፈሩ። ትልልቁን ድንጋይ ከታች አስቀመጡ፣ ሁለቱን ጫፎች ዳርቻው ውስጥ አስገብተው አሰሩ፣ አንዱን ድንጋይ ካንዱ እያጋጠሙ እጃቸው መሐል ላይ የማይገባበት ግንብ አወጡ። «አዙረው! ፊቱ ወደ ላይ ነው፤ ድንጋይ ፊት የለውም ያለህ ማነው?» ይላሉ። ለገዛ አለቃው እሺ ብሎ የማያውቀው ሹፌር ድንጋዩን አዞረ። እኔም አቀበልኩ። አመሻሽ ላይ ከጉልበት ከፍ የሚል፣ ሰባት ሰው ቢቆምበት የማይነቃነቅ ክትር ወንዟን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ቆመ።

አስተባባሪዋ ስትመለስ ጮኸች፣ ከደስታ ነው። አሰለፈችን፣ ፎቶ አነሳችን። ፎቶው ድረ ገጻቸው ላይ ወጣ፤ እኛ ከፊት፣ ክትሩ ከኋላ፣ ከሥሩ ደግሞ «የማኅበረሰብ ጥበብ ወንዛችንን ሲፈውስ» የሚል ጽሑፍ። የዓሣ ባለሙያዎች፣ የወንዝ ባለሙያዎች፣ አንድ የምክር ቤት አባል ላይክ አደረጉት። ከመካከላቸው ፎቶውን ያየ ሰው ስለመኖሩ ግን እጠራጠራለሁ።

በመስከረም ማለቂያ ዝናብ ዘነበና ዓሣው መጣ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ከወንዙ በኩል እንደ ምንጣፍ ማራገፍ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሄድኩ። እንደ ክንድ የሚረዝሙ ዓሦች ከክትሩ ሥር ተጨናንቀዋል። ጀርባቸው ከውሃ ወጥቷል። አንዱ ይዘልና ድንጋዩን በአፍንጫው መትቶ ይወድቃል፣ ሌላው ይተካል። የአንዳንዶቹ አፍንጫ ተልጧል።

ሹፌሩ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ አጠገቤ ቆመ።

«ኬላ አቁመንባቸዋል» አለ። «ወይኔ። እኛ ነን ደግሞ ኬላ የምናቆመው?»

ከሰዓት በኋላ አስተባባሪዋ ኮል አደረገችኝ። ግድቡን ማን እንደፈቀደው ጠየቀችኝ። ፎቶ ያነሳችው እሷ መሆኗን ነገርኳት። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው አለች፤ ፎቶውም ወርዷል። ግድቡን ለማንሣት ወንዝ ውስጥ የመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱ ደግሞ በትንሹ አሥር የሥራ ቀን ይፈጃል። ልጆቹ ግን የሚመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከተፈጠረው ነገር አንጻር የወንዙ አባት ለልጆች ቢያስተምሩ መልእክቱ ግራ ያጋባል። በእኛ ቋንቋ፣ በአክብሮት፣ እንድነግርላት ፈለገች።

ሰባተኛ ፎቅ ወጥቼ ሽማግሌውን ይዣቸው ወረድኩ፤ ሹፌሩም ተከተለን። በቃል መንገር ስላቃተኝ ላሳያቸው ብዬ ነው። ብዙ ቆመው ተመለከቱ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ ላይ፣ ጋሼ። የተፈለፈሉበት ቦታ።»

«ዓሣ ሽቅብ ይሄዳል?»

«ይሄኛው ይሄዳል። እዚያ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንብቤ ነው።»

«መቼ?»

«ቆይቷል።» ከዚያ እውነቱን ተናገርኩ። «ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ልጄ፣ በነሐሴ ድንጋይ ስታቀብዪኝ አፍሽ የት ነበር?»

የመጽሐፉን ዓሣና የእጄን ድንጋይ አንድ ላይ አላሰብኳቸውም ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ አንድ ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ሲያዝዙ ማየቱ ደስ ስላለኝ፣ በዚያ ላይ ሁሉም ሰው በተስማማበት ነገር ላይ ሁልጊዜ የምቃወም ሰው ተብዬ ስለተሰለቸሁ፣ ለአንድ ቀን ዝም ልበል አልኩ። ሕይወቴን በሙሉ ያለቦታው ስቃወም ኖሬ፣ ቦታው ሲመጣ ዝም አልኩ።

የአስተባባሪዋን መልእክትም ያኔውኑ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል ተብሏል» አለ ሹፌሩ።

«ሲሠራ ፈቃድ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«እንግዲያው ሲፈርስም አያስፈልገውም። ሱሪህን ሰብስብ።»

ሦስታችን ገባን። ውሃው አጥንት ይበላል። ሽማግሌው ድንጋዩን በዘፈቀደ እንድንወረውር አልፈቀዱም፤ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሣል፣ ዳርቻው ውስጥ የገቡት ሁለቱ ጫፎች አይነኩም፣ አለዚያ ዳርቻው ይናዳል። መሐሉን ብቻ እንደ በር ከፈትን። የመጨረሻው ድንጋይ ሳይወጣ ዓሦቹ በእግራችን መካከል መግባት ጀመሩ። አንዱ ሽማግሌውን ባታቸው ላይ መትቷቸው አለፈ።

«እሺ፣ እሺ፣ አየሁህ» አሉት።

ልጆቹ በቀኑ መጡ። ዓሣ በሽ ነበር። አስተባባሪዋ ክትሩን ስታይ ደነገጠች፣ ከዚያ ተነፈሰች፣ ከዚያ ማን እንደከፈተው ሳትጠይቅ ማይክሮፎኗን አነሣች። ላለመጠየቅ ሥልጠና ሳይኖር አይቀርም። ለሽማግሌው ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጥተው የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ እንዲያቆሙ መኪና ማቆሚያው መግቢያ ላይ አቆሟቸው። ሐሳቡን ያመጣው ሰው እሳቸው ከሱዳን መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መሐል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠሩ እንደኖሩ አያውቅም፤ አይጠይቁማ። ሰደርያውን ለበሱ። አውቶቡሱን ሳይጠጋ ሳይርቅ፣ በአንድ የእጅ ምልክት አስቆሙት።

እኔ ወንዙ ዳር ቆሜ ነበር። አስተባባሪዋ በወንዙ መካከል ስለተከፈተው የድንጋይ በር ለልጆቹ ስታስረዳ፣ «ዓሦቹ አርፈው የሚያልፉበት፣ በባለሙያዎች የታቀደ ቦታ» አለች። አንዷ ልጅ ድንጋዩን ማን እንደደረደረው ጠየቀች። «ማኅበረሰቡ» አለች አስተባባሪዋ።

የሠራው ሰው ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ቆሟል፣ ደብተሩም ኪሱ ውስጥ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አስተርጓሚ የሚተረጎም ነገር ካልተሰጠው ዝም ይላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሁለተኛ ጊዜዬ ነው።

ስለዚህ ስካርቦሮ ለምትኖሩ፣ ከዚያም ውጭ ላላችሁ፣ ይህን የጻፍኩት እንድትስቁ ብቻ አይደለም። በጸደይ ምዝገባው ይከፈታል። ተመዝገቡ። ቅጹ መጨረሻ ላይ «አስተያየት» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ «ልጆቹን ሰባተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ ያስተምሩ» ብላችሁ ጻፉ። ስለ ስሜታችሁ ምንም አትጻፉ። ዛሬ ጻፉልኝ ብዬ ነገ የምትረሱ ከሆነ፣ አሁኑኑ ስልካችሁን አውጡና ጸደይ ላይ ማስታወሻ አኑሩ።