ገምጋሚው የጠጣው ሻይ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የእጅ ሰዓት ስጠግን ኖሬ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ሆኜ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ቀን ኃላፊዬ ዶክተር ምሕረት ወረንጦ ሰጡኝና፣ «ጋሽ አንጁሎ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሲርበኝ ብቻ» አልኳቸው።

ቁርስ በልቼ እንድመለስ ላኩኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከፀጉር የቀጠነች የፕላስቲክ ቅጠል ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጣለሁ። በቀጭን መርፌ አንዲት የውሃ ጠብታ ጠብ አደርግባታለሁ። ውሃው ጠርዞቿን ይዞ ወደ ራሱ ይስባል፤ ቅጠሏ እንደ መዳፍ ትጨበጣለች። ሲደርቅ ትዘረጋለች። ሞተር የለ፣ ባትሪ የለ። ዶክተር በዚህ መንገድ ደቃቅ ነገር የሚያነሳ ሰው ሠራሽ ጣት ሊሠሩ ነበር።

ጠላታችን የአርባ ምንጭ ሙቀት ነው። ቅጠሏ ገና ሳትጨበጥ ጠብታዋ ትደርቃለች። ክፍላችን ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚሉ ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ ሊመጡ መሆናቸው ሲሰማ፣ የንብረት ክፍል ሰዎች ክፍላችንን መጋዘን ሊያደርጉት ቋምጠው በራችን ላይ አሮጌ ወንበር መደርደር ጀመሩ።

በግምገማው ጠዋት ለዶክተር ሳልነግር ማይክሮስኮፑን በላስቲክ ሸፈንኩና ትኩስ ሻይ ከውስጥ አስቀመጥኩ። እንፋሎቱ አየሩን አረጠበው። ሻይ የሆነው የሠራተኞች ክበብ አስተናጋጅ ባዶ ሙቅ ውሃ አልሸጥም ስላለችኝ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ሠራ። ቅጠሏ ስትጨበጥ ሁሉም በስክሪኑ አዩ። ሁለተኛው ከሸፈ። ሦስተኛውም። ዶክተር ላብ አጠመቃቸው። ዞር ስል ዋናው ገምጋሚ፣ ሸበቶው ሰውዬ፣ ሻዩን ከላስቲኩ ውስጥ አውጥተው ይጠጣሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ስኳሩም ልክ ነው» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ የሚጠጡት የሙከራውን ዕቃ ነው» አልኩ።

ሰውዬው ብርጭቆውን አዩት። «ቀሪውን ልመልሰው?»

«ቀዝቅዟል፤ ይጨርሱት።»

ሌላ ሻይ አስመጣሁና ምክንያቱን አስረዳሁ። ቅጠሏ አምስት ጊዜ ተጨበጠች። ሰውዬው ስቀው ክፍሉ እንዲቀጥል፣ የእርጥበት መቆጣጠሪያም እንዲገዛለት ጻፉ።

እንግዶቹ ሲሸኙ ዶክተር በሩን ዘጉ። «ያልመዘገቡትን ነገር ለእንግዳ አሳዩ ማለት አታለሉ ማለት ነው፣ ጋሽ» አሉኝ። ከማግሥቱ ጀምሮ ሙከራውን ሁሉ እርጥበቱን እየለካሁና እየመዘገብኩ ሳምንት ሙሉ ደገምኩት።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፦ የሠራላችሁን ብልሃት መጀመሪያ ጻፉት፣ ቀጥሎ ለአለቃችሁ ንገሩ፣ ለእንግዳ የምታሳዩት ከዚያ በኋላ ነው።