የሞቱሊኪ ዘንባባና የእህቱ ልጅ

ጎረቤቴ ሞቱሊኪ የሌሊት ወፍ ዛፉ ላይ ብታርፍ እንኳ «ማን ልኳት ነው?» የሚል ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለእሱ እንደ ጸሎት ነው። ዛፉ ፒዩ የምንለው፣ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ የሰፋ ዘንባባ ነው። ለመኳንንት የሚቀርብ ማራገቢያ ከሌላ ቅጠል አይሠራም፤ ከዓመታት በፊት የመታን ክፉ አውሎ ነፋስ ደግሞ በመንደራችን ከእሱ ግቢ በቀር አንድም ፒዩ አላስቀረም።

ሞቱሊኪ ገና ያልተፈታውን ለጋ ቅጠል ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ጠርዙን በኮኮናት ቃጫ ይሰፋዋል። እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ማታ ማታ ለጋው ቅጠል ላይ ክር ያስራል፤ ጠዋት ክሩ ላልቶ ካገኘው ቀኑን ሙሉ በጎሪጥ ሲያየኝ ይውላል። እኔ መሰላል ላይ ስወጣ ራሴን እንደሚያዞረኝ እያወቀ!

የሚፈራው ግን ከእኔ ይልቅ የእህቱን ልጅ መለሴኒን ነበር። በእኛ ዘንድ የእህት ልጅ ከአጎቷ በላይ ናት። «አጎቴ፣ ይህን ስጠኝ» ካለች አለቀ፤ አሳማም ይሁን ጀልባ፣ እምቢ ያለ አጎት ሰው ፊት አይቆምም። እኛ ያለንባት ትንሽ ደሴት ናት፤ መለሴኒ የምትኖረው በዋናው ደሴት ነው። አምና ያም የምንለው ሥራሥር በሚቆፈርበት ጊዜ በመርከብ መጣች። ምንጣፉ ላይ አረፍ ብላ «አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር» ስትል ሞቱሊኪ ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ጸሎት ጀመረ። ጸሎት ማን ያቋርጣል? የዓለምን ሕዝብ በየአገሩ እያነሳ ሲማልድ መርከቧ ጥሩንባዋን ነፋች። በሌላ ጊዜ ስትመጣ ደግሞ ዓሣ ላጥምድ ብሎ ወጥቶ፣ እስክትሄድ ድረስ ማዶ ደሴት ላይ ከረመ። እኔ አጥሬ ላይ ተደግፌ በሳቅ ሞትኩ።

በዚህ መሃል ሚስቱ ኡንጋቴያ ጡቷን እንደሚያማት ነግራው ዋናው ደሴት ሐኪም ቤት ልሂድ አለችው። ኡንጋቴያ የማትዋሽ ሴት ናት። እሱ ግን ዓይኑን አጥብቦ አያት።

«ይህን ያስጠናችሽ መለሴኒ ናት» አላት። «አንቺን ላስታምም ስሄድ ግቢው ባዶ ይቀርላታል።»

ኡንጋቴያ ዳግመኛ አላነሳችበትም። ቅጠል እያሸች ትቀባለች፤ ልብስ ስታጥብ ግን በአንድ እጇ ብቻ ሆነ።

ዘንድሮ መለሴኒ ሳትነግረው መጣች። ሞቱሊኪ መሰላል ላይ ወጥቶ ለጋ ቅጠል እየቆረጠ ነበር፤ ወዴት ይሽሽ? መሰላሉን ከሥር ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።

«አጎቴ፣ ውረድ አልልህም። እዚያው ሆነህ ስማኝ።»

«ልጄ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ዛፍህን ታቅፈህ ኑር። የምጠይቅህ ኡንጋቴያን ነው። ስጠኝ፤ ሐኪም ቤት ልውሰዳት።»

ሞቱሊኪ ሳቀ። እፎይ ብሎ፣ ከልቡ፣ መሰላሉ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «እሷን ነው እንዴ? ውሰጃት ልጄ፣ ውሰጃት» አለ። ወደ ታች ሲያይ ኡንጋቴያ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ሐኪሞቹ ዘግይታለች አሉ። መርከቧ አስከሬኗን ይዛ ተመለሰች።

ከቀብሩ በኋላ ሞቱሊኪ የእህቱን ልጅ ዛፉን እንድትወስድ ለመናት፤ ምን ላደርገው ብላው ሄደች። ሊሸኛት ወደብ ድረስ ወርዶ ነበር። ሲመለስ በቀጥታ ወደ እኔ መጥቶ አጥሩን ያዘ።

«ያን የጸለይኩ ቀን ልትጠይቀኝ የነበረው ይህንኑ ነበር?» አለኝ።

ይህንኑ እንደነበር መለሴኒ ከመሄዷ በፊት ነግራኛለች። ያን ቀን ከመርከብ እንደወረደች ኡንጋቴያ እብጠቱን አሳይታት፣ «እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ አንቺን ግን እምቢ ሊልሽ አይችልም፤ ጠይቂልኝ» ብላት ነበር።

«አይመስለኝም» አልኩት።

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። አላመነኝም።